የአያቴን ጋቢ ይዤ ዶርዜ

ከሻንጣዬ ውስጥ የምታሳስበኝ አንዲት ጃኬት ነበረች። ጀርባዋ የአያቴ ጋቢ ነው፤ እጅጌዋ የሰልባጅ ጂንስ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ያረጀ ሸማና ከቦንዳ የወጣ ልብስ ፈትቼ ሌላ ልብስ እሠራለሁ። አያቴ ከዶርዜ ወጥቶ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን ያረጀ ሰው ነው። እኔ ግን አገሩን ረግጬው አላውቅም። «የዶርዜ ልጅ ነኝ» ስል እንኳ ድምፄ ዝቅ ይል ነበር።

እስከ አርባ ምንጭ ያለውን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አብዛኛውን ተኝቼ አለፍኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የለም። 800 ብር የከፈልኩበት ክፍል አጎበሩ ተቀዷል። የጎረቤት ሙዚቃ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አላቋረጠም። መርፌና ክር አውጥቼ በስልኬ መብራት አጎበሩን ሰፋሁት። በጣም ተናድጄ ነበር፤ ስሰፋ በረደልኝ።

ጠዋት መናኸሪያ ላይ «ዶርዜ ድረስ እወስድሻለሁ» ያለ ልጅ 500 ብር ተቀብሎ ሚኒባስ ውስጥ አስገባኝና ጠፋ። ሒሳቡን ድጋሚ ከፈልኩ። ታች አርባ ምንጭ ሐሩር ነው፤ ላይ ዶርዜ ተራራው ጉምና ብርድ። ስንቀጠቀጥ ያየችኝ አጠገቤ የተቀመጠች እናት የጋቢዋን ግማሽ ደረበችልኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ስልክ ደውላ በጋሞኛ ረጅም ወሬ አወራች። ከአያቴ ስም በቀር አንድ ቃል አልገባኝም፤ አንጀቴን በላው። ከዚያ እጄን ይዛ አንድ አዛውንት ሸማኔ ቤት አደረሰችኝ። ብር ስዘረጋላት ተቆጣች።

ደጅ ላይ ሴቶች ይፈትላሉ። አባባ እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሰደው መወርወሪያቸውን ይወረውራሉ። የቀርከሃ ቤታቸው ከፊት ሲያዩት ዝሆን ይመስላል። የጎረቤታቸው ግን አጭር ነው። ምስጥ ከሥር ሲበላው እየተቆረጠ ነው ያጠረው። ቦታው ካልተመቸም ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ይህን ስሰማ ጃኬቷን ለማውጣት ድፍረት አገኘሁ።

አባባ ፊቷን አላዩም፤ ወዲያው ገለበጧት። ሽሮ ሜዳ ደንበኛ ቀለም አይቶ ነው የሚመርጠው፤ ጀርባውን የሚያይ ብዙ አላጋጠመኝም።

«ጥለቱን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

ትከሻው ላይ አራት ጣት ያህል ተተርትሯል። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ማጉን መሃል ለመሃል ከቆረጥሽው ምን ይይዘዋል?» አሉ። ማግ አግድም የሚገባው ክር ነው፤ በቁመት የሚወጠረው ድር ነው። ከዚያ እጅጌውን ያዙ። ከጫፉ አንድ ክር መዘው ለብርሃን አነሱት። «ይሄም ሽመና ነው። ድሩ ሰማያዊ፣ ማጉ ነጭ። የማን አገር ነው?»

ጂንስ ስቆርጥ ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ አድርጎ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም። የማን አገር እንደሆነም አላውቅም፤ ከቦንዳ ነው ያወጣሁት።

ግማሽ ቀን አብረን ተቀመጥን። ሸማ በመቀስ ብቻ እንደማይከፈት አሳዩኝ። መጀመሪያ አንድ ማግ ትመዣለሽ፤ ክሩ በለቀቀው መስመር ትቆርጫለሽ፤ የተረፈውን ድር ገምደሽ ዘርፍ ታደርጊዋለሽ። ትከሻውን እንደዚያ አድርገን መለስነው። ጂንሱንም በዚያው መንገድ ዘርፍ አወጣንለት። ሰማያዊው ከነጩ ጋር ሲወርድ አባባ ሳቁ።

ስወጣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዱንጉዛ፣ የጋሞን ባህላዊ ሽመና፣ ገዛሁ። ዋጋ አልተከራከርኩም። አሁን ከመኝታዬ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። መቀስ አላሳረፍኩበትም፤ ማታ ማታ ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ።