አልጋዬ ስር ከቀረው መጽሐፍ እስከ ሁለተኛው ህትመት

የመጀመሪያ መጽሐፌን ያሳተምኩት 2010 ላይ ነው፣ አጫጭር ልቦለዶች። ሁለተኛው 2016 ግንቦት ላይ በአሳታሚ በኩል ወጣ። "እንዴት አርገሽ ነው፣ ማን ጋር ሄድሽ፣ ስንት ፈጀብሽ" እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ረዘም አርጌ ልጻፈው፣ በተለይ ረቂቃችሁን ጨርሳችሁ ነገ ማተሚያ ቤት ልትሮጡ ላሰባችሁ።

ፐብሊሸር የሚባለውን አማርኛችን አሳታሚ ነው የሚለው፣ እንዲታተም የሚያደርግ ማለት ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዛ ብቻ ነበር የገባኝ፣ ብር ያለው ሰው ማተሚያ ቤት ሄዶ ከፍሎ ካሳተመ አሳታሚ ሆነ በቃ። ስለዚ 2010 ላይ የኔ አሳታሚ እኔው ነበርኩ። አስተማሪ ነኝ፣ ደሞዜ አይበቃም፣ እቁብ ወጣልኝ፣ ሪያድ የምትሰራው እህቴ የጎደለውን ላከችልኝና አንዱን ኮፒ በ31 ብር ሂሳብ 2000 ኮፒ፣ 62,000 ብር ከፍዬ አሳተምኩ። ሽፋኑን የጓደኛዬ ወንድም ሰራው፣ ኤዲተር የሚባል አላየውም፣ ሁለት ጓደኞቼ አንብበው "አሪፍ ነው" ብለውኛል፣ ያ ይበቃል ብዬ። አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) እንኳን አላወጣሁም፣ ከወመዘክር፣ ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ እንደሚሰጥ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣ ቀን ቤቴ ውስጥ መራመጃ ጠፋ። 2000 መጽሐፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አስባችሁ ታውቃላችሁ? አልጋ ስር፣ ቁምሳጥን ላይ፣ ከበሩ ኋላ። ከዛ አንድ አከፋፋይ አገኘሁ፣ በ35 በመቶ ኮሚሽን ተስማምተን 1500 ኮፒ በዱቤ ወሰደ፣ የሰጠኝ ማስረጃ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ "1500 ተረክቤያለሁ" የሚል ጽሑፍና ፊርማ ነው። መቼ እንደሚከፍል የሚል ቃል የለበትም። ስምንት ወር ከክፍል ስወጣ እየተመላለስኩ የ600 ኮፒ ሂሳብ ተቀበልኩ፣ ዋጋው 90 ብር ስለነበር ኮሚሽኑ ሲቀነስ ለአንዱ 58 ብር ከ50፣ በድምሩ 35,100 ብር። 700 ኮፒ መለሰልኝ፣ የቀረው 200 የት እንደገባ እስካሁን አላወቅኩም። እኔ በእጄ ትምህርት ቤት ውስጥና ለዘመድ ለወዳጅ የሸጥኩት 300 ነው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ አልጋ ስር ያሉት ካርቶኖች የታችኛው ረድፍ እርጥበት ገባው፣ መጽሐፎቹ እንደ ቂጣ ተነፉ፣ አንድ በአንድ እያወጣሁ ፀሐይ ላይ ሳሰጣቸው ያለቀስኩትን ለቅሶ አልረሳውም።

አከፋፋዩን ለረጅም ጊዜ ተቀይሜው ነበር፣ በሂሳብ አያያዙ አሁንም አልስማማም። ግን ቆይቼ ስረዳ እሱም ጅማና ደሴ ላሉ መጽሐፍ ቤቶች በዱቤ ነው የሚሰጠው፣ እነሱ ሸጠው እስኪልኩለት ይጠብቃል፣ እነሱ ደሞ አንባቢ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ዱቤ ነው፣ ጥሬ ብር አስቀድማ የከፈለችው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዓይኔን የገለጠልኝ አራት ኪሎ መጽሐፍ የሚያዞር ልጅ ነው። ታውቋቸዋላችሁ፣ ከመዳፋቸው እስከ አገጫቸው መጽሐፍ ደርድረው ካፌ ለካፌ የሚዞሩት። አስር ኮፒ ሰጥቼው ነበር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳገኘው ሰባቱን መለሰልኝ። ለምን ስለው መጽሐፉን ገልብጦ ጀርባውን አሳየኝ፣ ያለው የኔ ፎቶና የት እንደተማርኩ ነው። "ቲቸር፣ ሰው እኮ ፊቱን ያይና ገልብጦ ጀርባውን ያነባል፣ ከዛ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። እዚ ጋር ምንም የሚነበብ የለም። ስለ ምንድነው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?" አለኝ። ልመልስለት ሞከርኩ፣ ሶስት ዓመት የጻፍኩትን ነገር በሁለት አረፍተ ነገር መናገር አቃተኝ። እሱ ደግሞ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ፊት ቆሞ ያለው ጊዜ ከሁለት አረፍተ ነገር አይበልጥም።

ሁለተኛውን፣ ልቦለዱን፣ ስጨርስ ማተሚያ ቤት አልሄድኩም። የራሱ ትንሽ መጽሐፍ መደብር ያለው፣ በዓመት አራት አምስት መጽሐፍ የሚያወጣ አሳታሚ ጋር ነው የሄድኩት፣ ሶስት ምዕራፍና አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይዤ። አራት ወር አስጠበቀኝ። ሲጠራኝ የመጀመሪያ ጥያቄው "ይሄን መጽሐፍ የሚገዛው ማነው?" የሚል ነበር። ቅር አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ስለ ድርሰቱ ያወራኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሱን አውቀዋለሁ፣ ልቦለዱ ገጠር ስለተመደበች አስተማሪ ነው፣ የሚገዛው አስተማሪ ነው፣ ያስተማረ፣ አስተማሪ ያገባ፣ አስተማሪ የወለደ። ይሄ መልስ ኋላ ላይ ሁሉንም ነገር ወሰነው፣ የትኞቹ ከተሞች ቀድሞ እንደሚላክ፣ የሚወጣው ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት እንዲሆን፣ ሽያጩም ወር መጨረሻ ደሞዝ ሲገባ እንዲጀመር።

ከዛ ኤዲተሩ። ስለሱ ብዙ ባወራ ደስ ይለኛል። በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የሰሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ረቂቁን ፕሪንት አስደርገው በእርሳስ ነው የሚሰሩት። የመጀመሪያ ቀን ሲመልሱልኝ ከገጽ 1 እስከ 11 ድረስ አንድ ቀጭን ሰያፍ መስመር አለበት፣ ገጽ 12 ላይ፣ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ጭቃ ላይ የምትወርድበት ቦታ፣ ትንሽ ክብ አርገዋል። "ልጄ፣ መጽሐፉ የሚጀምረው እዚ ጋ ነው" አሉኝ። አስራ አንዱ ገጽ የልጅነቷ ታሪክ ነው፣ የኔም ልጅነት አለበት። ሶስት ቀን አልደወልኩላቸውም። በአራተኛው ቀን ማታ ከገጽ 12 ጀምሬ ጮክ ብዬ ለራሴ አነበብኩት፣ ትክክል ናቸው፣ የተቆረጠው ውስጥ አንባቢ የግድ ማወቅ ያለበት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፣ እሱንም ወደ ኋላ ምዕራፍ አስገባነው።

እሳቸውም የሚሰሙ ሰው ናቸው። እናቷ የምትናገርበት ቦታ "አብሽሪ" የሚለውን "አይዞሽ" ብለው ቀይረውት ነበር። ጋሼ፣ ይቺ ወሎ ያለች እናት እዚ ጋር አይዞሽ አትልም፣ አይዞሽ የምትለው ለጎረቤት ነው፣ ለልጇ አብሽሪ ነው የምትል አልኳቸው። አንዴ ቀና ብለው አዩኝ፣ ላጲሱን አነሱና እርማታቸውን አጠፉት፣ ብናኙን በእጃቸው ጠርገው ቀጠሉ። ከዛ ቀን በኋላ ነው በሙሉ ልቤ ያመንኳቸው። የፊደል ነገር ደግሞ ለብቻ አንድ ወረቀት አለን፣ ፀሐይ በየትኛው ፀ በየትኛው ሐ፣ ሠራ ወይስ ሰራ፣ አንዴ ከወሰንን መጽሐፉ ሙሉ በዛው ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ሰባት ወር ፈጀ።

ሌይአውት (የገጽ ቅንብር) ላይ አንድ ምክር፣ እባካችሁ አራት ነጥብን ሁለቴ ሁለት ነጥብ እየመታችሁ አትጻፉ። እኔ ሙሉ ረቂቁን እንደዛ ነበር የጻፍኩት፣ መስመር ሲታጠፍ አንዱ ሁለት ነጥብ መስመሩ መጨረሻ ላይ ይቀራል ሌላው ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። የድሮዎቹን ምዕራፎች ደግሞ በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ ነበር የጻፍኳቸው፣ ወደ ዩኒኮድ ሲቀየሩ ኋ እና ቋ ሌላ ፊደል ሆነው ወጡ። ሌይአውቱን የሚሰራው ልጅ ለሱ የተከፈለውን ቀን እኔን ሲያርም ነው ያሳለፈው። ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ጻፉ፣ ። ብላችሁ አንዴ ምቱ፣ በቃ።

ከዛ የፎርም ጉዳይ መጣ። ማተሚያ ቤት መጽሐፍ በገጽ ሳይሆን በፎርም ነው የሚቆጥረው፣ አንዱ ፎርም 16 ገጽ ነው። የኛ ሌይአውት ተሰርቶ ሲያልቅ 212 ገጽ ሆነ፣ 13 ፎርም ማለት 208 ነው፣ አራት ገጽ ተረፈ። ለአራት ገጽ ብሎ ፎርም መጨመር የእያንዳንዱን ኮፒ ወጪ ይጨምራል፣ ሌላው አማራጭ አራት ገጽ መቁረጥ። ፊደሉን አሳንሱት አልኩኝ መጀመሪያ፣ አሳታሚው እምቢ አለ፣ "የሚገዙሽ አስተማሪዎች ናቸው፣ ግማሾቹ መነጽር ነው የሚያደርጉት" ብሎኝ። ከጋሼ ጋር አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ቆረጥን። ምስጋናውን ከሶስት ገጽ ወደ አንድ አወረድነው፣ የቀረውን ሁለት ገጽ ከአንድ የለቅሶ ትዕይንት ላይ አወጣን፣ ትዕይንቱ ደግሞ ሲያጥር በረታ።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ፣ ሁላችሁም የምትጠይቁት እሱን ነው። አሳታሚው ሂሳቡን ወረቀት ላይ ጽፎ ነው ያሳየኝ፣ ይሄን በማድረጉ አከብረዋለሁ። የሽፋን ዋጋ 400 ብር። 35 በመቶው ለአከፋፋይና ለመጽሐፍ ቤት ይሄዳል፣ 260 ይቀራል። ማተሚያ ቤት ለአንዱ ኮፒ 150 ብር። የኔ ድርሻ የሽፋን ዋጋው 15 በመቶ፣ 60 ብር። የቀረችው 50 ብር ናት፣ ከሷ ላይ ኤዲተር፣ ሌይአውት፣ የሽፋን ሰዓሊ፣ ትራንስፖርት፣ ሳይሸጥ የሚመለሰው ኮፒ፣ የሱ ትርፍ። ማተሚያ ቤቱ ግማሹን ቅድመ ክፍያ ይፈልጋል፣ የሰጠው ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) የሚያገለግለው ለአስር ቀን ብቻ ነው። አሳታሚዎች ለምን ቶሎ እሺ እንደማይሉ የገባኝ ያን ወረቀት ሳይ ነው። ራሴ ባሳትመው 60 ሳይሆን 110 አገኝ ነበር የሚል ሰው ይኖራል፣ 2010 ላይ እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት፣ ያለ ኤዲተር፣ ያለ ዱቤ ሰብሳቢ።

ውሉን በደንብ ተነጋገርንበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ አንብቡት፣ የደራሲው መብት በህይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፣ መብት ማስተላለፍ ደግሞ በጽሑፍ ነው። በእኛ ውል ላይ የመጀመሪያው ህትመት 2000 ኮፒ ነው፣ ድጋሚ ለማሳተም የኔ ፊርማ ያስፈልጋል፣ በየስድስት ወሩ የተሸጠውና የቀረው በጽሑፍ ይደርሰኛል፣ ኦዲዮና ኢ-ቡክ ለብቻ ውል ነው፣ መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቶ ሁለት ዓመት ካልታተመ መብቱ ወደኔ ይመለሳል። ከፈረምን በኋላ የጓደኛዬን ውል አየሁት፣ "ሙሉ መብቱን ሸጫለሁ" የሚል አንድ መስመር ነው፣ አንዴ ብር ተቀብላ መጽሐፏ አራት ጊዜ ታትሟል። በጣም ነው ያዘንኩት። ብር ሲያስፈልግ ሰው ይፈርማል፣ አልፈርድባትም፣ ግን እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ለአንድ ሰው አሳዩ።

የጀርባውን ጽሑፍ ሶስታችን ስድስት ጊዜ ጻፍነው፣ ከዛ ሶስቱን ይዤ አራት ኪሎ ሄጄ ለዛ መጽሐፍ አዟሪ ልጅ አስነበብኩት። ሁለቱን ጣላቸው፣ አንዱን መረጠ፣ የታተመው እሱ ነው።

መጽሐፉ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ቴሌግራም ላይ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ተነስቶ ፒዲኤፍ ሆኖ ተለቀቀ። የሆነ ሰው 208 ገጽ ቁጭ ብሎ ፎቶ አነሳ። የቻናሎቹን አስተዳዳሪዎች አንድ በአንድ በውስጥ መስመር ጻፍንላቸው፣ አንዳንዶቹ ይቅርታ ጠይቀው አጠፉ፣ አንዳንዶቹ ብሎክ አደረጉን። ከዛ አሳታሚው የመጀመሪያውን ምዕራፍ እራሳችን በነጻ እንልቀቀው አለ፣ ከስሩ የት የት እንደሚገኝና በቴሌብር ከፍሎ በፖስታ ማስላክ እንደሚቻል ጽፈን። ከዛ በኋላ አንባቢዎች እራሳቸው ፒዲኤፍ ሲጠየቁ ያንን ማስፈንጠሪያ መስጠት ጀመሩ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉ ልጆችም ጥያቄ መጣ፣ ወደዛ በሄዱ ሰዎች ሻንጣ 60 ኮፒ ላክን።

በስድስተኛው ወር ሪፖርቱ በቀኑ መጣልኝ፣ ከ2000ው 1740 ተሸጧል። ድጋሚ ይታተም ሲባል ግን ዓለም ተቀይሯል፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ወረቀት ዋጋው ሌላ ነው። አዲሱ ፕሮፎርማ 150 የነበረውን 210 አለ። አሳታሚው የሽፋን ዋጋ ወደ 550 ይግባ ሲለኝ ደነገጥኩ፣ የአስተማሪ ደሞዝ አውቀዋለኋ። ፊርማዬ ስለሚያስፈልግ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ ከትምህርት ቤት በህብረት አስር ኮፒና ከዛ በላይ ለሚያዙ ከእያንዳንዱ ላይ 70 ብር እንዲቀነስ፣ ግማሹ ከኔ ድርሻ ግማሹ ከሱ፣ በዛ ተስማምተን 1000 ኮፒ አሳተምን። ከደብረ ብርሃን አንድ ትምህርት ቤት ብቻ 35 አዟል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ከተረፉት ኮፒዎች ደረቅ የሆኑት አሁንም አልጋዬ ስር ናቸው። ባለፈው ጋሼ አንዱን ስጪኝ አሉኝ፣ ወሰዱና ከወር በኋላ በእርሳስ ተጽፎበት መጣ። ከ14ቱ ታሪኮች አራቱ አናት ላይ ትንሽ ክብ አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሐምሌ ላይ ከነዛ አራቱ እንጀምራለን።