እማማ የለቀለቁት ስንጥቅ

ዛሬ ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ ያለ አንድ መንደር ዋልኩ። ኢንጂነር ጓደኛዬ ከናዳው በኋላ የተጎዱ ቤቶችን ሲያይ፣ እኔ ሜትር ያዥ ሆኜ ተከተልኩት።

አራተኛው ቤት የአንዲት እማማ ነው። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ። ገባን፤ ጥርት ያለ ቤት! ስንጥቅ የሚባል ነገር የለም። ጓደኛዬ ቅጹ ላይ «ቀላል» ብሎ ሊጽፍ ሲል እበት ሸተተኝ። ግድግዳውን ነካ አደረግኩት። ጣቴ ረጠበ።

«እማማ፣ ይሄ መቼ ተለቀለቀ?»

«ትናንት ነዋ ልጄ! እንግዳ ይመጣል ሲሉኝ በተቀደደ ቤት ልቀበላችሁ?»

በምርኩዛቸው አሳዩን። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ፣ ሰያፍ እየሄደ ጣሪያው ድረስ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ መሠረቱ ከአንድ ወገን መስመጡን ወይም ግድግዳው በጎን መገፋቱን ይናገራል። ጓደኛዬ ልስኑን ፈቅፍቆ፣ በስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጠፈና ቀኑን ጻፈበት። ጀሶ አይለጠጥም። መሬቱ ገና እየሄደ ከሆነ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እሱ ነው።

«ይህቺን እንዳይነኩብኝ፣ እማማ።»

እሺ አሉ፤ ግን ቅር ብሏቸዋል። ቤታቸውን አበላሸንባቸው።

የዚህ አካባቢ መሬት እንደሆነ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። እኛ ደግሞ ቅጽ ይዘን በየቤቱ እንዞራለን፣ ሰው ለክብራችን ብሎ ጉዳቱን ይለቀልቃል። ስንቱ ቤት በዚህ «ቀላል» ተብሎ አልፎ ይሆን?

ነገ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቤቶች ደግመን እናያለን። ቡናው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሪፍ ነበር።