አሮጌ ጆተኒ ልትገዙ ካሰባችሁ
ኮምቦልቻ ውስጥ ጆተኒ ቤት ስከፍት የመጀመሪያው ጠረጴዛዬ አዲስ ነበር። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ቺፑድ ነው። በአንድ ክረምት ውሃ ጠጥቶ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ዘንጎቹ ባዶ ቱቦ ስለነበሩ ዓመት ሳይሞላቸው ጎበጡ። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ጨዋታው ነው። ዘንጉ ከመቅለሉ የተነሳ የልጆቹ ሥራ ማሽከርከር ብቻ ሆነ። በዓለም አቀፉ ሕግ ዘንግን ከ360 ዲግሪ በላይ ማዞር ክልክል ነው፤ እኔ ቤት ግን ይህን የሚሰማ አልነበረም።

ስለዚህ ደሴ ሄጄ፣ በልጅነቴ በስሙኒ የተጫወትኩበትን ዓይነት አሮጌ ጆተኒ ከአንድ ሐጂ ገዛሁ። ወፍራም የጣውላ ሳጥን፣ 8 ድፍን የብረት ዘንግ። በአይሱዙ አስጭኜ ሐረጎን ቁልቁል ወረድኩ። ዝገቱን ፈገፈግኩ፣ የላሉትን ብሎኖች አጠበቅኩ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሜዳውን አራት ማዕዘኖች ስዳብስ ጫፋቸው የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህል ከፍ ብሎ አገኘሁት። «እርጥበት አጉብጦታል» አልኩ። ሐጂ ሲሸጡልኝ «ላዩን እጠበው እንጂ እንጨቱን አትንካ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አናጢ ጠርቼ በመላጊያ እንዲደለድለው አዘዝኩ። አናጢው ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ ወንድሜ?» አለኝ። ሲጨርስ ውሃ ልክ አስቀመጠ፤ አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም እንዴት እንደኮራሁ!

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሞላ። ሦስተኛዋ ኳስ ማዕዘን ገብታ ቆመች። የበረኛው እግር አይደርስባትም፤ የተከላካዩም አይደርስም። በእጅ አውጥተው ቀጠሉ። እንደገና ቆመች። አንዱ ልጅ ጠረጴዛውን በጉልበቱ ሲገፋ ሌላው አንገቱን ያዘው፤ እኔ ለመገላገል መሐላቸው ገብቼ በክርን ተመታሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ከፍታ ኳሷ ከማዕዘን ተንከባልላ ወደ ተጫዋቹ እግር እንድትመለስ ሆን ተብሎ የተሠራ ነበር። የአሮጌውን ጆተኒ ብልሃት በገዛ ገንዘቤ አስልጌ ጣልኩት።

ፈቃድ ለማደስ ቤቱን ሊያይ የመጣ ሠራተኛ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ «ይህ ያረጀ ነው፤ አዲስ አስገባ» ብሎኝ ሄደ። አንድ ጎል እንኳ አልሞከረም። አልሰማሁትም፤ እናንተም እንዲህ ያለውን አትስሙ።

ስትገዙ ኳሷን ራሳችሁ ማዕዘን ላይ አስቀምጧት። ካልተንከባለለች ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ። ዘንጉንም በሞተር ዘይት አትቀቡ፤ ሜዳው ላይ እየተንጠባጠበ አቧራ ያቦካል።

እኔ በመጨረሻ ከዝግባ ቀጫጭን ሽብልቆች አሠርቼ በኮላ አስለጠፍኩ። አራቱ እኩል አልሆኑም። በበሩ በኩል ያለው ማዕዘን ኳሷን ከሌሎቹ አጥብቆ ይገፈትራታል፤ ልጆቹ በዚያ በኩል ማን እንደሚቆም በሳንቲም ዕጣ ይጣጣላሉ።