ምርቃቱ ላይ የሚቆመው ዲስክ

በጥር 1999 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ኤዲቲንግ እሠራ ነበር። ጥር ለሙያው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቅዳሜና እሁድ የተቀረጸው ሁሉ በሳምንቱ ውስጥ ተቆርጦ፣ ዘፈን ገብቶበት፣ ዲቪዲ ዲስክ ላይ ወርዶና የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፎበት ለባለቤቱ መድረስ ነበረበት። በዚያ ጥር ከእጄ ከወጡት ሥራዎች አንዱ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሙሽራዋ እናት ዲስኩን በወሰዱ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ቤተ ክርስቲያኑም አዳራሹም ጥሩ ነው፣ የመልሱ ድግስ ላይ ሲደርስ ግን ምስሉ ይሰባበርና ቀጥ ይላል አሉኝ። ዲስኩን ተቀብዬ ራሱ በጻፈው ኮምፒውተር ውስጥ ስከተው እስከ መጨረሻው አለፈ፤ በሱቁ ዴክ ስንሞክረውም አለፈ። አለቃዬ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ አቤቱታ ሁልጊዜ የሚሰጠውን መልስ ሰጠ፦ «እትዬ፣ የዴክዎ ሌንስ ደክሟል፤ ያስቀይሩት።» እሳቸው «ከሱቅ የገዛነውን ፊልም ሁሉ እኮ አንድም ሳይቆም ያሳየናል» ቢሉም፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ «አዎ፣ ሌንሱ ነው» ብዬ አጸናሁለት። ያልኩትንም አምኜበት ነበር።

ነገሩን በደንብ ባዳምጥ ኖሮ የችግሩ ፍንጭ እዚያው እናትየዋ አንደበት ላይ ነበር። ፋብሪካ የሚያወጣው ዲስክ ላይ መረጃው በፕላስቲኩ ላይ ታትመው የሚወጡ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነው። እኛ በቤት የምንጽፈው ግን የሌዘር ጨረሩ ስስ በሆነ የቀለም ንብርብር ላይ በሙቀት የሚተወው ምልክት ነው፤ ምልክቱ ጥርት ብሎ ካልወጣ አንዱ ዴክ ታግሎ ሲያነበው ሌላው ይጥለዋል። ስለዚህ አንድ ዴክ የሱቁን ፊልም ሁሉ እያነበበ የእኛን ብቻ ሲተው፣ አስቀድሞ መጠርጠር የነበረበት የእኛ ዲስክ ነው። ዲስኩን የጻፈው ማሽን መልሶ ሊያነበው መቻሉ ደግሞ ለደንበኛው ቤት ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ከዐሥር ቀን በኋላ እናትየዋ ደወሉልኝ። ሌንሱን ባለሙያ ጠርተው፣ ከፍለው አስቀይረዋል፤ ዲስኩ ግን እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። በስልክ መልስ ለመስጠት አፈርኩና ከሥራ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ።

ቴሌቪዥኑም ዴኩም ዳንቴል ለብሰዋል። የዴኩን ዳንቴል ገልጠው ዲስኩን ከተቱልኝና ወደ መጨረሻው አሳለፍኩት። የዴኩ ሰዓት 1:42 ሲል መልሱ መጣ፤ የሙሽራዋ አያት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ስመው ቀና ሲሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው ለመመረቅ አፋቸውን ከፈቱ። እዚያ ላይ ፊታቸው በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተበታተነ፣ ድምፁ ተቆረጠ፣ ዴኩ ውስጥ ዲስኩ ሲንቀጠቀጥ ተሰማ፣ ከዚያ ሁሉም ቀጥ አለ። አያትየዋ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን የቆመ ምስል ያያሉ።

«ልጄ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ለምን ይቆማል?» አሉኝ።

ዲስክ ከመሐል ወደ ጠርዝ እንደሚነበብ፣ መጨረሻው ላይ ያለው ጠርዙ ላይ እንደሚወድቅ ማስረዳት ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና «እግሬ አልሄድ ብሎኝ አዳራሹን አላየሁትም። እኔ ያየሁት ሠርግ እዚህ ቤቴ የተደረገውን ነው። እሱን ደግሞ ዕቃው ከለከለኝ» አሉ። በዚህ ላይ የምጨምረው ቃል አልነበረኝም፤ ዲስኩን ይዤ ወጣሁ።

በዚያች ሌሊት ሱቅ ገብቼ ነገሩን ከሥሩ አየሁት። ወረፋው ስለበዛ ሁሉንም በ16 እጥፍ ፍጥነት ነበር የምንጽፈው። የማሽኑ ፍጥነት ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር እየጨመረ ሄዶ 16 የሚደርሰው ጠርዙ ላይ ነው፤ በርካሽ ዲስክ ላይ ጽሑፉ የሚበላሸውም እዚያው ነው። 4.7 ጊጋ የሚባለውን የዲስኩን ቦታ እስከ አፉ እንሞላው ነበር። የምንለጥፈው የፎቶ ወረቀት ደግሞ ዲስኩን ያጎብጠዋል፣ ሲሽከረከርም ሚዛኑን ያዛባል፤ ይህም የሚብሰው ጠርዙ ላይ ነው። ሠርግ በቀኑ ቅደም ተከተል ስለሚቀናበር መልስ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ማለትም ዲስኩ እጅግ ደካማ በሆነበት ቦታ ላይ ይወድቃል። እኛ ደግሞ ለሙከራ የምናየው ሜኑውንና የመጀመሪያውን ዘፈን ብቻ ነበር። ስንት ቤተሰብ መልሱን ሳያይ ሌንስ እንዳስቀየረ ሳስበው አሁንም ይከብደኛል።

የእናትየዋ ዴክ ከጀርባው የ2001 እ.ኤ.አ. ምርት መሆኑ ተጽፎበታል። እኛ እንጠቀምበት የነበረው ፕላስ አር (DVD+R) የተባለው የባዶ ዲስክ ዓይነት ለገበያ የቀረበው በ2002 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ማይነስ አር (DVD-R) የተባለው ሌላው ዓይነት ግን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለነበረ አሮጌ ዴኮች ይበልጥ የሚለምዱት እሱን ነው። ስለዚህ ማይነስ አር ገዛሁ፣ ፍጥነቱን ወደ 4 አወረድኩ፣ ወረቀቱን ትቼ ስማቸውን በማርከር ጻፍኩ፤ ከሁሉም በላይ ሥራውን ለሁለት ከፍዬ መልሱን የሁለተኛው ዲስክ መጀመሪያ ላይ፣ ከመሐሉ አጠገብ አስቀመጥኩት። አራቱን በአንድ ጊዜ ስለቀየርኩ ጥፋተኛው ይህ ነው ብዬ አንዱን ነጥዬ አላወጣም፤ ሁሉም ግን የእኛ እንጂ የዴኩ አልነበሩም።

አለቃዬ በኋላ አዲሶቹ ዲስኮች እንደሠሩ ሲሰማ «የሠራው ሌንሱን ስላስቀየሩ ነው» አለ። «ጋሼ፣ በአዲሱ ሌንስ የፊተኛው ዲስክ ዓይኔ እያየ ቆሟል» ብዬ ብመልስለት፣ ለአንድ ሠርግ ሁለት ዲስክ ማውጣት ኪሳራ መሆኑን ይነግረኝ ጀመር። የሌንሱን ወሬ ከዚያ በኋላም ለሌላ ደንበኛ ሲደግመው ሰምቻለሁ።

አሜሪካ ለሄደችው ሙሽራ የተላከው ቅጂ ደግሞ በሌላ ምክንያት እምቢ አለ። እኛ የምንሠራው ፓል በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት፣ በ576 መስመርና በሴኮንድ 25 ምስል ነበር፤ የእነሱ ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ግን 480 መስመርና ወደ 30 የሚጠጋ ምስል ይፈልግ ነበር። የእኛ ሀገር ዴኮች አብዛኞቹ ሁለቱንም ሲያሳዩ እዚያ ያሉት ብዙዎቹ ፓልን አይቀበሉም ነበር፤ እሷም በኮምፒውተር አየችው።

አዲሶቹን ዲስኮች ራሴ አደረስኳቸው። ሁለተኛውን ከትቼ አያትየዋ እጃቸውን ሲዘረጉ ትንፋሼን ያዝኩ። ፊታቸው ሳይሰበር፣ ድምፃቸው ሳይቆረጥ መረቁ፤ ከቴሌቪዥኑ «አሜን» ሲባል ክፍሉ ውስጥ ያሉትም ተነሥተው አብረው «አሜን» አሉ። ድገመው አሉኝ፣ ደገምኩት፤ ሦስተኛም አሳየኋቸው።

የሌንሱን ዋጋ ከደመወዜ ልክፈል ብዬ እናትየዋን ብለምን «ተወው፣ አንተ ምን አደረግህ» ብለው እምቢ አሉኝ። ከሱቁ ግን አንድም ሰው ይህን ገንዘብ ልመልስ አላላቸውም።