ስትሞቅ ብቻ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብሮኝ ነው የዋለው። ምክንያቱን ፈልጌ አጣሁት። ማንም አላስቀየመኝም፣ እንቅልፌንም ጠግቤ ነው የተነሳሁት። እንዲሁ ሆድ የሚብስበት ቀን አለ አይደል? እንደዚያ ነገር።

ሲደብረኝ ወረቀት አገላብጣለሁ። ሳገላብጥ የመኪናዋ ቦሎ ማደሻ መድረሱን አየሁ። (አሮጊቷን ታውቋታላችሁ። አዎ፣ አሁንም አለች።) ጋሼ ጋ ደወልኩ። እሱም እንደ ልማዱ ሰላምታውን ሳይጨርስ ትእዛዙን ቀጠለ። የእጅ ፍሬኑ ይታይ፣ የፍሬን መብራት አንዱ እንዳይጠፋ፣ ፍሬቻው ይሞከር፣ የዝናብ መጥረጊያው ላስቲክ አልቋል። ሊዘጋ ሲል ደግሞ፦ «ስሚ፣ ከመሄድሽ በፊት በደንብ ንጃት። ሰልፍ ላይ አጥፍተሽ እንዳታቀዘቅዣት። ከቀዘቀዘች ምርመራው ላይ በጭስ ትወድቂያለሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ግን አለቀቀችኝም።

ጋሼ ማጭበርበር እየመከረኝ አይደለም። ነገሩ እውነት እንደዚያ ነው። ከመኪናዋ ሆድ ሥር፣ በሞተሩና በማርሚታው (የጭሱን ድምፅ በሚያፍነው) መካከል፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባል ዕቃ አለ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብቷል። ለዚህ ነው ሌቦች ከመኪና ሥር ተኝተው በመጋዝ የሚቆርጡት። መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚያ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሳይቃጠል ያመለጠው ቤንዚን እዚያ ይቃጠላል። የናይትሮጅን ኦክሳይዶችም ወደ ተራ ናይትሮጅን ይመለሳሉ።

ችግሩ፣ ዕቃው ቀዝቃዛ ሆኖ አይሠራም። ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል ነው ሥራ የሚጀምረው። እስከዚያ ድረስ ሞተሩ የተፋው ሁሉ እንዳለ ይወጣል። በዘመናዊ የቤንዚን መኪና ከአንድ አጭር ጉዞ ከሚወጣው መርዝ አብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

አሁን የእኔን ኑሮ አስቡት። ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሬዲዮው ላይ አንድ ዘፈን ሳያልቅ እደርሳለሁ። ኮንቨርተሩ «በሉ እንግዲህ ልጀምር» ሲል እኔ ሞተር አጥፍቼ ቦርሳዬን እየፈለግኩ ነው። ማታም እንደዚያው። ስለዚህ መርማሪው ቱቦውን ጭስ መውጫው ውስጥ ከትቶ የሚለካት መኪና ሌላ ናት። ከሩቅ መንገድ የመጣች፣ በደንብ የሞቀች፣ ጨዋ መኪና። እንደዚያ ሆና እኔ ነድቻት አላውቅም።

ፍሬን ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም። ጎማዎቹን በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ያቆሟቸዋል፣ ፍሬን ትረግጣለህ፣ የግራውና የቀኙ ጉልበት እኩል መሆኑ ይታያል። ያ ፍሬን ነገ መንገድ ላይ የምረግጠው ራሱ ፍሬን ነው። የጎማ ጥርስም እንዲሁ። ብዙ አገር ዝቅተኛው ልክ 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ ካነሰ አነሰ። ፍሬንና ጎማ የእንግዳ ፊት የላቸውም።

ደግሞ ለፍሬን ሸራ ስከፍል አንድም ቀን አማርሬ አላውቅም። ለጭሱ ስከፍል ግን የተዘረፍኩ ያህል ይቆጨኛል። ለምን? ፍሬኑ የእኔን ነፍስ ስለሚጠብቅ ነዋ። ጭሱን የሚስበው ከኋላዬ ያለው ሰው ነው። ፊቱን በመስታወት አየዋለሁ፣ ሳንባውን አላየውም።

እዚህ ላይ ስደርስ ቮልስዋገን ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ቅሌት ማለቴ ነው፣ 11 ሚሊዮን ገደማ የናፍጣ መኪኖች ያሉበትን። ሶፍትዌሩ መኪናዋ ላቦራቶሪ ውስጥ መሆኗን ያውቅ ነበር። መሪው ካልዞረ፣ ፍጥነቱም የፈተናውን ሥርዓት ተከትሎ ከሄደ፣ ጭሷን ያጠራል። መንገድ ላይ ስትወጣ ይለቀዋል። የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ያወቁባቸው እንዴት ነው? በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ጥቂት ተመራማሪዎች መለኪያውን መኪናው ላይ ጭነው እንደ ማንኛውም ሰው መንገድ ወጡ። በቃ። እኔ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄን ለማሰብ ያን ያህል ጊዜ መፍጀቱ ነው። አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አዳዲስ ሞዴሎች መንገድ ላይም እንዲፈተኑ አደረገች።

ያኔ ስሰድባቸው ሰምታችሁኛል። አሁን ሳስበው በእነሱ ሶፍትዌርና በጋሼ ምክር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

አለ፣ ትልቅ ልዩነት አለ። እነሱ ዋሹ። ምርመራው ግን ሆን ተብሎ ነው በሞቀ ሞተር የሚደረገው። ጥያቄው «ይህ ዕቃ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል?» ነው። ቀዝቃዛ መኪና ብትለካ ደህናዋም የሞተባትም እኩል ትወድቃለች፣ ምንም አታውቅም። ስለዚህ ደንቡን የጻፉት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ስለ መኪናዋ ጠየቁ፣ ስለ መኪናዋ መልስ አገኙ። ስለ እኔ አልጠየቁም። የሚረብሸኝም ይሄው መሰለኝ።

(ካነሳሁት አይቀር፣ ኮንቨርተሩ አንድ የማይረሳ ውለታ አለው። ድሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር። እርሳስ ደግሞ ኮንቨርተሩን ይገድለዋል። በአሜሪካ የ1975 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሎች ይሄንን ዕቃ ይዘው ሲመጡ እርሳስ የሌለው ቤንዚን የግድ ሆነ። እርሳስ ያለውን የመኪና ቤንዚን የተወችው የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አቆመች። የልጆች አእምሮ ይጎዳል ሲባል ስንት ዓመት ተከራከሩ፤ የመኪና ዕቃ ይበላሻል ሲባል ግን ነገሩ ፈጠነ። ልስቅ ወይስ ልናደድ አላውቅም።)

ታዲያ ምን ላድርግ? አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጠዋት ጠዋት ዞር ብዬ በረጅሙ መንገድ ብሄድስ? ኮንቨርተሩ ይሞቃል፣ ንጹህ ሆኜ እደርሳለሁ። ወረቀት አውጥቼ ሒሳብ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መርዝ እንዳለ ነው፤ የትም አልሄደም። በላዩ ላይ ተጨማሪ ቤንዚን አቃጥላለሁ። ማለት፣ ትንሽ ለማጨስ ብዬ ብዙ ላጨስ ነው። ይሄ የእኔ ፈጠራ ነው እንግዲህ። ቮልስዋገን ቢቀጥረኝ አይገርመኝም።

የቤታችን ትንሹ ልጅ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ነበር። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«አንቺ፣ በእግርሽ ለምን አትሄጂም?»

«ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው» አልኩት።

በዚያ ላይ ዝቅ ያለ ጫማ የለኝም።