ዲዝኒ ወርልድን ሰው በሚሳሳበት ሳምንት እንዴት እንዳየነው

ዲዝኒ ወርልድ መሄድ ለእኛ ቤት ቀላል ወጪ አይደለም። የመግቢያው፣ የአውሮፕላኑ፣ የማደሪያው፣ ከሥራ የሚቀረው ቀን አንድ ላይ ሲደመር የብዙ ወር ቁጠባ ይወስዳል። ይህን ሁሉ አውጥቼ ልጆቼን በፍሎሪዳ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ሙሉ አቁሜ ለሦስት ደቂቃ ጨዋታ ላስገባቸው አልፈለግኩም። ስለዚህ ሆቴል ከመያዜም፣ ሥራ ቦታ ፈቃድ ከመጠየቄም በፊት አንድ ነገር ለማወቅ ቆረጥኩ፦ ሌላው ሰው የማይሄደው መቼ ነው?

ዘመድ ወዳጅ ስጠይቅ ሁሉም የሚነግረኝ ወር ነበር። አንዷ "ጃንዋሪ ሂጂ" ትላለች፣ ሌላው "ሴፕቴምበር ባዶ ነው" ይላል። ወር ብቻውን ግን አይበቃም። ጃንዋሪን እንየው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የፈረንጅ አዲስ ዓመትን ሊያከብር የመጣው ሰው ገና አልወጣም። እሱ ሲወጣ በዲዝኒ ማራቶን የሚሮጡት ከነቤተሰባቸው ይገባሉ። በሦስተኛው ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ስለሚውል ከቅዳሜ ጀምሮ እንደገና ይሞላል። ከበዓሉ በኋላ ያሉት ቀናት ደግሞ ከዓመቱ ቀለል ካሉት መካከል ናቸው። ወሩ ያው አንድ ነው፤ ቀኖቹ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሰልፉን የሚያስረዝመው የትምህርት ቤት ካላንደር ነው። ልጅ ያለው ቤተሰብ ትምህርት ሲዘጋ ይጓዛል፣ ሲከፈት ቤቱ ይገባል። ከፈረንጅ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት፣ በኖቬምበር መጨረሻ ያለው የታንክስጊቪንግ በዓል ሳምንት፣ ከማርች ጀምሮ እስከ ፈረንጅ ፋሲካ የሚዘልቀው የትምህርት ቤት እረፍት (ስፕሪንግ ብሬክ) የሚጨናነቁት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው የሌላውን ስቴት እረፍት ነው። በፌብሩዋሪ፣ በፕሬዚዳንቶች ቀን፣ እኛ ሜሪላንድ ያለን ሰኞን ብቻ እናርፋለን፤ የኒው ዮርክ ከተማ ትምህርት ቤቶች ግን ሳምንቱን ሙሉ ይዘጋሉ። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ የኒው ጀርሲ መምህራን ዓመታዊ ጉባኤያቸውን ስለሚያደርጉ የዚያ ስቴት ልጆች ቤት ይውላሉ። ዲዝኒ የሚመላለሱ ሰዎች "የጀርሲ ሳምንት" የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ያን ያህል ሰው ከዚያ ይመጣል። አንዲት የሜሪላንድ እናት የራሷን ልጆች ካላንደር ብቻ አይታ "ይኼ ተራ ሳምንት ነው" ብላ ብትነሳ እዚያ ስትደርስ የሚጠብቃት ሌላ ነው።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ላፕቶፔን ከፍቼ የሌሎችን ካላንደር መሰብሰብ ጀመርኩ። የኦርላንዶው ኦሬንጅ ካውንቲ፣ የጆርጂያ ትልልቅ የትምህርት ዲስትሪክቶች፣ ኒው ጀርሲ፣ ኒው ዮርክ ከተማ፣ በመጨረሻም የእኛው ሞንትጎመሪ ካውንቲ። ሁሉም በድረ ገጻቸው ያወጡታል። በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ወሮቹን አሰመርኩና ማን መቼ እንደሚዘጋ፣ ማን መቼ እንደሚከፍት በቀለም ለየሁት። ባለቤቴ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ሲያየው "ለዲዝኒ ነው ይኼ ሁሉ?" አለኝ። ቁጭ ብሎ ሲያየው ግን እሱም ገባው።

ወዲያው ዓይኔ ያረፈው ኦገስት ላይ ነው። የፍሎሪዳ ሕግ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከኦገስት 10 በፊት እንዳይከፍቱ ይከለክላል፤ ብዙዎቹም ቀኑ እንደደረሰ ይከፍታሉ። ጆርጂያ ውስጥ ከዚያም ቀድመው የሚጀምሩ አሉ። ሞንትጎመሪ ግን በ2024ም በ2025ም የተከፈተው ኦገስት 26 ነው። ስለዚህ ለፓርኩ ቅርብ የሆኑት ልጆች ክፍል ገብተው የእኔዎቹ ገና እረፍት ላይ ያሉበት፣ ሁለት ሳምንት የሚሆን ጊዜ አለ ማለት ነው። ልጅ ከትምህርቱ ሳይቀር ይህን ያህል ቀለል ያለ ጊዜ ማግኘት በዓመቱ ውስጥ ሌላ ቦታ አላየሁም። የኒው ዮርክ ልጆች በሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከሚውለው ሌበር ዴይ ስለሚያርፉ ፓርኩ ጭር አይልም። ከስፕሪንግ ብሬክ ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም።

ከሁለቱ ሳምንት የትኛው ይሁን የሚለውን የወሰነልን ፍልሰታ ነው። የባለቤቴ እናት በዚያ ክረምት ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። እሳቸውን በጾም አፍ ቀኑን ሙሉ በሐሩር ማዞር የማይታሰብ ነው፤ ጾሙን ይተዉት ማለት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ገብቶ ነሐሴ 16 ይፈታል፤ በፈረንጁ ኦገስት 22 መሆኑ ነው። "እማማ፣ ጾሙ እንደተፈታ ብንሄድ ይመችዎታል?" ስላቸው "ከፈታሁ በኋላማ የትም ብትወስጂኝ ምን ቸገረኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ጾሙን ፈትተን፣ ከሰዓት በኋላ በረርን።

ወደ ኋላ ልመለስና፣ ሳምንቱን መረጥኩ ብዬ ወዲያው ገንዘብ አላወጣሁም። ግምቴን የማረጋግጥበት ነገር ፈለግኩ። አንዱ የዲዝኒ የራሱ ዋጋ ነው። ከኦክቶበር 2018 ወዲህ የመግቢያው ዋጋ እንደ ቀኑ ይለያያል። ኩባንያው ሰው ይበዛበታል ብሎ የሚጠብቀው ቀን ይወደዳል፣ ይሳሳበታል ያለው ይረክሳል። በ2025 የአንድ ቀን ትኬት ዝቅተኛው 119 ዶላር ሲሆን ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ የሆነው ማጂክ ኪንግደም በገና ሰሞን 199 ዶላር ደርሷል። ስንት ሰው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ የዋጋ ካላንደሩን እንደ ትንበያ አድርጌ አነበብኩት። የኦገስት መጨረሻ ከርካሾቹ ቀኖች ተርታ ነበር። ቱሪንግ ፕላንስ የተባለው ድርጅትም እያንዳንዱን ቀን በመጨናነቁ መጠን ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጠዋል። እሱንም አየሁ፤ ከወረቀቴ ጋር ተስማማ።

ከሁሉ በላይ ያመንኩት ግን ራሴ ያየሁትን ነው። የዲዝኒ አፕ የየጨዋታውን የወረፋ ደቂቃ ቤቱ ለተቀመጠ ሰውም ያሳያል። ከጉዟችን በፊት በነበረው ዓመት፣ በዚያው በኦገስት መጨረሻ፣ በምሳ እረፍቴ አፑን እየከፈትኩ የሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬይንን፣ የፒተር ፓንስ ፍላይትንና የስሊንኪ ዶግ ዳሽን ደቂቃ ማስታወሻ ላይ እጽፍ ነበር። በፕሬዚዳንቶች ቀን ሳምንትም እንዲሁ አደረግኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ጥርጣሬዬ አለቀ። ይህን ዘዴ ለማንም እመክራለሁ። ገንዘብ አያስወጣም፣ የሰው ወሬም አያስፈልገውም፣ የወረፋ ደቂቃ በአፕ ለሚያወጣ ለየትኛውም ፓርክ ይሆናል።

ኦገስት የሚሳሳው ግን በትምህርት ብቻ አይደለም፤ አየሩም ያስፈራል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ እርጥበቱ ልብስን ገላ ላይ ያጣብቃል። ከሁለቱ ባሕሮች የሚነሳው ነፋስ መሃል ፍሎሪዳ ላይ ስለሚጋጠም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዶፍ የማይጥልበት ቀን ጥቂት ነው። የሀሪኬን ወቅትም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን የሚብሰው ከኦገስት አጋማሽ ወዲህ ነው። በዚህ የተነሳ ቀኑን ያለ ቅጣት መቀየር የሚቻል የአውሮፕላን ትኬትና መሰረዝ የሚቻል ማደሪያ ብቻ ነው የያዝኩት። ማደሪያችን በፓርኮቹ አቅራቢያ ባለችው ኪሲሚ ከተማ ውስጥ ኩሽና ያለው ቤት ነበር፤ እማማ ሽሮ ሠርተው ማብላት ካልቻሉ እንግዳነት ይሰማቸዋል።

ሳምንት መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ የሰዓት ነው፤ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ። ፓርኩ በ3 ሰዓት የሚከፈት ከሆነ እኛ ከ2 ሰዓት በፊት መኪናችንን አቁመናል። በተለይ ማጂክ ኪንግደም ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ድረስ በጀልባ ወይም በሞኖሬይል ነው የሚኬደው፤ ይህን ያልቆጠረ ሰው ሲከፈት እደርሳለሁ ብሎ አርፍዶ ይገባል። በዲዝኒ ሆቴሎች የሚያድሩ ግማሽ ሰዓት ቀድመው እንደሚገቡ ስለማውቅ፣ እነሱ መጀመሪያ የሚሮጡበትን ሰቨን ድዋርፍስን ለመጨረሻ ትቼ በቀጥታ ወደ ፒተር ፓን ሄድን።

ፒተር ፓንን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ወረፋ የሚረዝመው ጨዋታው ስለተወደደ ብቻ አይደለም፤ በሰዓት ስንት ሰው እንደሚያስተናግድም ይወስነዋል። የፒተር ፓን ጀልባዎች ጥቂት ጥቂት ሰው ነው የሚይዙት፤ ስለዚህ ሰው በሳሳበት ቀንም ቢሆን ከረፋዱ ጀምሮ ይጠራቀማል። ሆንትድ ማንሽን ደግሞ መቀመጫዎቹ ሳይቆሙ እየተከታተሉ ስለሚሄዱ ብዙ ሰው በቶሎ ይውጣል፤ እኩለ ቀን ላይም ቢሄዱበት ብዙ አያስጠብቅም። ይህን ከለዩ በኋላ ጠዋትን በምን ላይ ማዋል እንደሚገባ ግልጽ ይሆናል። እስከ 5 ሰዓት ተኩል ድረስ ልጆቹ በጣም የፈለጉትን ብዙውን ጨርሰን ነበር።

ከዚያ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ያለውን ከሰልፍ ጋር አልታገልኩም። ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ቤት ተመልሰን በላን፣ ትንሿ ልጄ ተኛች፣ ዝናቡም በዚያው መሃል ወርዶ አባራ። ነጎድጓድ ሲኖር ውጭ ያሉት ጨዋታዎች ይቆማሉ፤ ሰውም ተጠልሎ ይጠብቃል፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። እኛ 11 ሰዓት አካባቢ ስንመለስ አስፋልቱ ቀዝቅዟል፣ ጋሪ የሚገፋው ወላጅ ቀንሷል። ሰቨን ድዋርፍስ የገባነው ሊዘጋ ሲል ነው። ፓርኩ ከመዘጋቱ አንድ ደቂቃ በፊትም ቢሆን ሰልፍ ውስጥ የገባ ሰው ሳይጫወት አይመለስም፤ ያን ጊዜ ሌላው ሰው ወደ መውጫው እየተጓዘ ነው።

አኒማል ኪንግደም በተባለው የእንስሳት ፓርክ ጠዋቱን የሰጠነው ለኪሊማንጃሮ ሳፋሪ ነው። በዚያ ሰዓት አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል እንስሳቱም ይንቀሳቀሳሉ። እማማ ቀጭኔዋ መንገዳችን ላይ ስትቆም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው "ተመስገን" ሲሉ ሰማኋቸው። ዕቅዴ ሁሉ ለልጆቹ ነበር፤ ከጉዞው ሁሉ የበለጠ ደስ ያለኝ ግን ይኼ ነው። ለእሳቸው ማጂክ ኪንግደም ውስጥም ማረፊያ አስቀድሜ ለይቼ ነበር። ካሩሰል ኦፍ ፕሮግረስ የሚባለው ትርዒት ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ መቀመጫ ነበረው፣ ወረፋውም አጭር ነበር።

የሃሎዊን ድግስንም ልጥቀስ። ማጂክ ኪንግደም ከኦገስት ጀምሮ በተመረጡ ምሽቶች ለብቻው ትኬት የሚቆረጥለት ድግስ ያዘጋጃል። በዚያ ቀን በተራ ትኬት የገባ ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይወጣል። የማታውን ርችት ላለማጣት ብዙ ሰው ያን ቀን ይሸሸዋል፤ ስለዚህ ቀኑ ይቀላል። እኛ ማጂክ ኪንግደምን በድግሱ ቀን ገባንና ጨዋታውን ጠገብን፤ ርችቱን በሌላ ምሽት ኤፕኮት በተባለው ሌላ ፓርክ አየን። በኖቬምበርና በዲሴምበር የገና ድግስም በዚሁ መልክ ነው የሚሠራው።

ላይትኒንግ ሌን የሚባለውን፣ ሰልፍ ለመዝለል የሚከፈልበትን አገልግሎት አልገዛንም። ሰው በሳሳበት ሳምንት ጠዋት ለሚነሳ ቤተሰብ አያስፈልግም ባይ ነኝ። በገና ሰሞን መሄድ ግድ የሆነበት ሰው ግን ቢገዛው አልፈርድበትም። በነጻ ያለው ራይደር ስዊች ግን በጣም ጠቅሞናል። ትንሿ ቁመቷ ለስፔስ ማውንቴን ስለማይደርስ (112 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል) ባለቤቴ ከትልቁ ልጅ ጋር ሲገባ እኔ ከእሷ ጋር ቆየሁ፤ እሱ ሲወጣ እኔ እንደገና ሳልሰለፍ ገባሁ።

ቀለል ያለ ጊዜ የሚያስቀረውም ነገር አለ። ፓርኮቹ ቶሎ ይዘጋሉ፤ ለጥገና የሚዘጉ ጨዋታዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚመደቡት ሰው በሚሳሳበት ወቅት ነው። ልጃችሁ አንድ ጨዋታ ብሎ ልቡን የጣለበት ካለ፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የጥገናውን ዝርዝር እዩ።

ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ላላችሁ የኦገስቱ ዕድል ከእኛ ይጠባል፤ ትምህርት የሚከፈተው በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ስለሆነ ፍልሰታ ሳይፈታ መሄድ ግድ ይሆናል። ለትምህርት ያልደረሱ ልጆች ብቻ ያላችሁ ግን ከሌበር ዴይ በኋላ ሴፕቴምበርን፣ ከማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል በኋላ ያለውን የጃንዋሪ መጨረሻ፣ ወይም ከታንክስጊቪንግ በኋላ ያለውን የዲሴምበር መጀመሪያ ብትይዙ ከእኔም የተሻለ ታገኛላችሁ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ ትኬት አይቆረጥለትም፤ የልደቱ ቀን ከምትመርጡት ሳምንት በፊት ይሁን በኋላ አስቀድማችሁ ቁጠሩ።