የተገለበጠው ሽል

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጆርናል ጽሑፍ እንድገመግም ላከልኝ። ጊኒ ፒግ ስለምትባለው ከአይጥ ወገን የሆነች ትንሽ እንስሳ ሽል የመጀመሪያ ቀናት እድገት ነው። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችን ስለ ሽል አስተምራለሁ፤ እጄን ያፍታታሁት ግን በዶሮ እንቁላል ነው። እንቁላል እንደ ልብ ይገኛል፣ በ21 ቀን ይፈለፈላል። የዶሮ ሽል ላይ ኤክቶደርም የሚባለው ንብርብር ከላይ ነው፤ ቆዳና ነርቭ የሚወጡት ከእሱ ነው። ኢንዶደርም የሚባለው ንብርብር ከታች፣ በአስኳሉ በኩል ነው፤ የአንጀት ሽፋን ይሆናል።

የጽሑፉን ሁለተኛ ምስል ሳይ ደነገጥኩ። ኢንዶደርሙ ከውጭ፣ ኤክቶደርሙ ከውስጥ ተብሎ ተጽፏል። «ስሞቹ ተቀያይረዋል፤ ይህ መሠረታዊ ስህተት ነው፤ መታተም የለበትም» ብዬ በዚያው ማታ ላክሁ።

ከወር በኋላ የደራሲዎቹ መልስ መጣ። አንድም የቁጣ ቃል የለበትም። የጊኒ ፒግ ሽል መጀመሪያ ላይ ንብርብሮቹ ተገልብጠው ነው የሚታዩት፤ የአይጥም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው የሽል ተመራማሪ ቴዎዶር ቢሾፍ እ.ኤ.አ. በ1852 ጽፎታል።

ስለ ሰውየው አነበብኩ። ከጊኒ ፒግ በፊት የጥንቸልንና የውሻን ሽል አጥንቶ አሳትሟል። እሱም እንደኔ ሌላ እንስሳ ለምዶ ነው የመጣው። ግን ያየውን አመነ። ይህ በጣም ነካኝ።

ለታላቅ ባልደረባዬ ነገርኩት።

«የጊኒ ፒግ ሽል በማይክሮስኮፕ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ታዲያ ይህን ለኤዲተሩ ለምን አልነገርከውም?»

መልስ አጣሁ። ጽሑፉ ላይ ቀድማ የተጠቀሰችው የዶክትሬት ተማሪ ናት። የባከነው ወር የእሷ ነው።

ሁለተኛውን ግምገማ ስጽፍ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቀጥዬ የሠራሁት በዶሮ ሽል ብቻ መሆኑን ገለጽኩ። ከዚያ ወዲህ የትኛውን እንስሳ በዓይኔ እንዳየሁ ሳልናገር ግምገማ ልኬ አላውቅም። ከደራሲዎቹ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ዶሮ ለለመደ አንባቢ የሁለቱን ሽሎች ሥዕል ጎን ለጎን እንዲያስቀምጡ። አስቀመጡ። ጽሑፉም ታተመ።

አሁን ክፍል ውስጥ ስለ ኤክቶደርም ስጀምር የማሳየው ያንን ሥዕል ነው።